የጥፍሬ ነጭ ነጠብጣብ እና ያለ ምክንያት የዋጥኳቸው እንክብሎች

ጥፍር ላይ የሚወጣ ነጭ ነጠብጣብ «የካልሲየም እጥረት ነው» ሲባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ካልሲየም የማይል ዚንክ ይላል፤ ሁለቱንም የማይጠራ ደግሞ በደፈናው «የቫይታሚን ማነስ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔም ይህንኑ ስሰማ ስላደግሁ፣ ነጠብጣቡ በገዛ ጥፍሬ ላይ በርከት ብሎ ሲወጣ መጠየቅ ቀርቶ መጠራጠርም አልመጣልኝም፤ በቀጥታ ወደ እንክብል ሄድኩ። ነገሩ በእንክብል ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። ከጥፍር ተነስቶ የሌለብኝ የታይሮይድ በሽታ እንዲጠረጠርብኝ እስከ ማድረግ ስለ ደረሰ ግን፣ በዚያው መንገድ ላይ ላላችሁ ሰዎች ያየሁትን በቅደም ተከተል ማስቀመጡ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት በግራ እጄ አመልካች ጣት ላይ ነበር፤ በጥፍሩ መካከል ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማትበልጥ፣ ጠርዟ ደብዘዝ ያለ ነጭ ነጥብ። ጣቴን በላይዋ ባሳልፍ አትሻክርም፤ በሌላ ጥፍር ብፍቃትም አትለቅም፤ ገጹ ለስላሳ ሆኖ ነጭነቱ ያለው ከውስጥ ነው። ቆየት ብሎ በመካከለኛው ጣት ሁለት ነጥቦች፣ በቀለበት ጣት ደግሞ አንዲት አጭር ሰረዝ ተጨመሩ። ቀኝ እጄ ላይ ግን ከአንዲት ደብዛዛ ነጥብ በቀር ምንም አልነበረም። መልሱ በዚህ የሁለቱ እጆች ልዩነት ውስጥ እንደነበር የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው፤ ያን ጊዜ ያሳሰበኝ ብዛታቸው ብቻ ነበር።

ላሳየሁት ሰው ሁሉ መልሱ ዝግጁ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ካልሲየም ነው፤ እኔም ወስጄ ነው የጠፋልኝ» ስትለኝ፣ በራሷ ላይ ያየችውን የምትናገር በመሆኗ አመንኳት። ከመድኃኒት ቤት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያለበት እንክብል ገዝቼ በየቀኑ መዋጥ ጀመርኩ። ወራት ሲያልፉ አመልካች ጣቴ ላይ የነበረችው ነጥብ ቀስ በቀስ ወደ ጫፍ ተጠግታ ከጥፍሩ ጋር አብራ ተቆረጠች፤ የቀለበት ጣቴም ጸዳ። እኔም በተራዬ ለሚጠይቀኝ ሰው «ካልሲየም ነው፤ እኔም ወስጄ ነው የጠፋልኝ» ማለት ጀመርኩ።

ይህ እምነት ለምን እንደማይሞት የሚያስረዳው ይኸው ወቅት ይመስለኛል። የእጅ ጥፍር በወር በአማካይ 3 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ለመተካትም 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ነጠብጣቡ አንድ ነገር ብንወስድም ባንወስድም በወራት ውስጥ ተገፍቶ ይወጣል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ጫፍ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይደበዝዛል። በዚያ መካከል ካልሲየም የወሰደ ካልሲየሙን ያመሰግናል፣ ዘይት የቀባ ዘይቱን ያመሰግናል። ምንም ያላደረገው ሰው ግን ነጠብጣብ እንደነበረበትም ረስቶታልና ምስክርነት ሊሰጥ አይመጣም። የምንሰማው እንግዲህ የወሰዱትን ሰዎች ድምፅ ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ነጠብጣቦቹ ተመለሱ፤ ያውም ካልሲየሙን ሳላቋርጥ። እጥረት ቢሆን ኖሮ እጥረቱን እየሞላሁ እንዴት ሊመለስ ይችላል ብሎ መጠየቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። እምነቱ ግን ለዚህም መውጫ አለው፤ «እንግዲያው ካልሲየም ሳይሆን ዚንክ ነው» ይባላል። እኔም 50 ሚሊግራም ዚንክ ያለበት እንክብል ጨመርኩ። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ዚንክ ለወንድ 11፣ ለሴት 8 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚበላውም ከሚዋጠውም ተደምሮ በቀን ከ40 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። አንዲት እንክብል ብቻዋን ይህን ጣሪያ ታልፍ ነበር ማለት ነው፤ እሽጉ ላይ ግን ስለ ጣሪያ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ስለምወስደው ብዙም ሳይቆይ ያቅለሸልሸኝ ጀመር፤ ማቅለሽለሹንም ከእንክብሉ ጋር አላገናኘሁትም።

ዚንክን በተመለከተ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ አንጀት መዳብን እንዳይመጥ ያግዳል። የመዳብ እጥረት ደግሞ ደም ማነስን፣ የነጭ የደም ሴሎች መቀነስን፣ እየቆየም የእጅና የእግር መደንዘዝንና የአረማመድ መዛባትን ያመጣል። የሌለ እጥረት ለመሙላት ሲባል እውነተኛ እጥረት ሊፈጠር ይችላል። ካልሲየምም ቢሆን እንደሚታሰበው ንጹሕ አይደለም፤ የሆድ ድርቀት ያስከትላል፣ በእንክብል መልክ ሲበዛም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የኩላሊት ጠጠር የመፈጠር ዕድልን ይጨምራል። የታይሮይድ ሆርሞን፣ የብረት እንክብል ወይም አንዳንድ አንቲባዮቲኮችን በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ መድኃኒቱ በሚገባ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ በመካከላቸው የሰዓታት ልዩነት ሊኖር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ግዢዬ «ለፀጉር፣ ለቆዳና ለጥፍር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብልቃጥ ነበር። ዋናው ንጥረ ነገሩ ባዮቲን የተባለው የቢ ቫይታሚን ዓይነት ሲሆን፣ በአንድ እንክብል 10,000 ማይክሮግራም ይዟል። ለአዋቂ በቀን በቂ ነው የሚባለው መጠን 30 ማይክሮግራም ነውና፣ አንዲቷ እንክብል ከሚያስፈልገኝ ከ300 እጥፍ በላይ ይዛ ነበር። ባዮቲን በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ «ትርፉ በሽንት ይወጣል፣ አይጎዳም» ይባላል፤ በሰውነት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ይህ በአብዛኛው እውነት ነው። በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ማቅለሽለሹና የድካም ስሜቱ ስላልተወኝ ለምርመራ ሄድኩ። የደም ውጤቱ ሲመጣ ቲኤስኤች የሚባለው፣ የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያዘው ሆርሞን ዝቅ ብሎ፣ የታይሮይድ ሆርሞኑ ደግሞ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ጥምረት ሲታይ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው ማለት ነው። ተጨማሪ ምርመራ ታዘዘልኝ፣ ውጤቱ ከተረጋገጠም ዕጢውን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት እንደምጀምር ተነገረኝ። እስከዚያ ድረስ ያሳለፍኩትን ጭንቀት ማብራራት አያስፈልገኝም፤ አስጨናቂ ውጤት ይዞ ቀጠሮ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል።

ነገሩ የተቀየረው የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ውጤቱን ከእኔ ጋር አስተያይቶ ስላልተዋጠለት ነው። የልብ ምቴ ደህና ነበር፣ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ክብደት አልቀነስኩም፣ ሙቀትም አላስቸገረኝም። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል ጠየቀኝ፤ «የለም» አልኩ። በቅን ልቦና ነበር የመለስኩት፤ እንክብሎቹን መድኃኒት ብዬ ቆጥሬአቸው አላውቅም። እሱ ግን አልተወም፤ «ቫይታሚን፣ ለፀጉር፣ ለጥፍር፣ ለክብደት… ከመድኃኒት ቤት ገዝተው የሚውጡት ማንኛውም ነገር?» ብሎ ደገመልኝ። ያን ጊዜ ሦስቱንም ዘረዘርኩለት፤ ባዮቲን ስል ብዕሩን አስቀመጠ።

ያስረዳኝን በአጭሩ ላስቀምጥ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ሆርሞኖችን ለመለካት የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ መመርመሪያዎች የሚሠሩት ባዮቲን ስትሬፕታቪዲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር አጥብቆ የመያያዝ ባሕርይ ስላለው ነው። በታካሚው ደም ውስጥ ብዙ ባዮቲን ካለ በመመርመሪያው ውስጥ ያለውን ቦታ ይይዝና ልኬቱን ያዛባል። ቲኤስኤችን የሚለካው ዘዴ በሐሰት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ የታይሮይድ ሆርሞኑን የሚለካው ዘዴ ደግሞ በተቃራኒው በሐሰት ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ጤነኛ ሰው የታይሮይድ በሽተኛ መስሎ ይታያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ በተለይ የልብ ጡንቻ በድንገተኛ የልብ ሕመም መጎዳቱን ለማወቅ የሚለካው ትሮፖኒን በሐሰት ዝቅ ብሎ ሊታይ መቻሉን አጽንቶ ገልጿል። በእኔ ላይ የደረሰው የሌለ በሽታ መታየቱ ነው፤ በሌላ ሰው ላይ ደግሞ ያለ የልብ አደጋ ሊሸፈን ይችላል፤ ይኸኛው እጅግ የከፋ ነው።

ባዮቲኑን ሐኪሙ በነገረኝ መሠረት ለቀናት አቋርጬ ደሜ እንደገና ሲመረመር ሁለቱም ቁጥሮች በጤናማው ክልል ውስጥ ነበሩ። ዚንኩንም ስተው ማቅለሽለሹ ቀረ።

ከዚህ የምትወስዱት አንድ ምክር ብቻ ቢሆን ይህን ውሰዱ፦ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ያለ ማዘዣ የምትወስዱትን እንክብል ሁሉ፣ ቫይታሚንም ይሁን ለውበት የሚሸጥ፣ በስሙና በመጠኑ ለሐኪሙም ለላቦራቶሪውም ተናገሩ። «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ጠባብ አድርገን ስለምንረዳው ያልተጠየቅን ይመስለናል። ብልቃጡን ይዞ መሄድ ወይም መለያውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ከማስታወስ ይሻላል፤ እኔ ባዮቲኔ ስንት ማይክሮግራም እንደሆነ ያወቅሁት ቤት ተመልሼ ሳነብ ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ «ይህ ሁሉ የተጀመረው ከጥፍር ከሆነ ጥፍሩን የቆዳ ሐኪም ይየው» አለኝ። በዚህ ምርመራ ውስጥ ከጠበቅሁት በላይ የሚማሩበት ነገር ስለነበረ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ።

የቆዳ ሐኪሟ መጀመሪያ አሥሩንም ጣቶቼን ጎን ለጎን አስዘረጋችና በማጉያ እያየች ነጥቦቹን ቆጠረች። ቀጥላ የጥፍሩን ጫፍ ጫን ብላ ያዘች፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ደሙ ሸሽቶ ነጣ፣ ነጥቡ ግን በቦታው ሆኖ ይታይ ነበር። ይህ ቀላል ሙከራ ብዙ ነገር ይለያል። ነጭነቱ በጥፍሩ አካል ውስጥ ከሆነ ሲጫኑት አይጠፋም፣ ጥፍሩ ሲያድግም አብሮ ይጓዛል። ነጭነቱ ከጥፍሩ ሥር ካለው ሥጋ የመጣ ከሆነ ግን ሲጫኑት ይደበዝዛል፣ ጥፍሩም ሲያድግ እሱ በቦታው ይቀራል። ሁለተኛው ዓይነት ነው በአብዛኛው ከውስጥ በሽታ ጋር የሚያያዘው። ከዚያም የነጥቡን ገጽ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ዱቄት እንደማይወጣው አረጋገጠች፤ ቢወጣው ኖሮ ፈንገስ ይጠረጠር ነበር።

«ምግብ ቢጎድልዎት ኖሮ» አለችኝ፣ «አሥሩም ጥፍሮች የሚመገቡት ከአንድ ደም ነው። እጥረቱ አመልካች ጣትን መርጦ ጎረቤቱን አይተውም፤ ቀኝን ትቶ ግራን አያጠቃም።» ይህችን ያህል ቀላል ነገር እስከዚያ ድረስ ማንም አለማለቱ አሁንም ይደንቀኛል። መላ ሰውነትን የነካ ነገር ጥፍር ላይ አሻራ ሲተው በአብዛኛው በሁሉም ጣቶች ላይ፣ በተመሳሳይ ከፍታ፣ ከጎን እስከ ጎን የሚዘረጋ መስመር ሆኖ ነው የሚወጣው። እዚህም እዚያም የተበተኑ ነጠላ ነጥቦች ግን የየጣቱ የራሱ ታሪክ ናቸው።

ቀጥላ ጥፍር እንዴት እንደሚሠራ ነገረችኝ። ጥፍር የሚሠራው ከምናየው ክፍል በስተኋላ፣ ከቆዳው ሥር በተሸፈነ ቦታ ነው፤ ሐኪሞች ማትሪክስ ይሉታል። አውራ ጣት ላይ ጎልታ የምትታየው ነጣ ያለች ግማሽ ጨረቃ የዚህ ቦታ የፊት ጫፍ ናት። እዚያ የሚወለዱት ሴሎች ወደ ፊት እየተገፉ አስኳላቸውን ያጡና ኬራቲን በተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ተሞልተው ይጠነክራሉ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ጥፍር ይሆናሉ። የጥፍር ጥንካሬም የሚመጣው ከዚሁ ኬራቲን፣ በውስጡም ካለው የድኝ ትስስር ነው፤ ጥፍር ውስጥ ያለው ካልሲየም እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለጥንካሬው ቁም ነገር የለውም። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለው ቢቀንስ ሰውነት ከአጥንት እያወጣ ያስተካክለዋል እንጂ ጥፍር ላይ ምልክት አያወጣም።

ታዲያ ነጩ ከየት መጣ? ማትሪክሱ ሲመታ፣ ሲጫን ወይም ሲነካካ ጥቂት ሴሎች ሳይበስሉ፣ አስኳላቸውን እንደያዙ ወደ ጥፍሩ ይገባሉ። በዚያች ቦታ ብርሃን በቀጥታ ማለፍ ትቶ ይበተናል፤ ጥርት ያለ ብርጭቆ ሲደቅ ነጭ ዱቄት እንደሚመስለው ማለት ነው። ነጭ ቀለም ያለው ነገር ተጨምሮ አይደለም፤ የጎደለ ነገርም የለም። ሐኪሞች ሉኮኒኪያ የሚሉት ይህ ነጠብጣብ በጣም የተለመደ ነው፣ በተለይ በልጆች ላይ፤ ልጆች እጃቸውን በሁሉም ነገር ላይ ስለሚያጋጩ።

«የሚጽፉት በየትኛው እጅዎ ነው?» ስትለኝ «በቀኝ» አልኩ። «እንግዲያው ቀኙ ግራውን ምን ያደርገዋል?» አለች። ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ሳነብም ሆነ ስልክ ሳነጋግር የጥፍር መቁረጫው ላይ ባለችው ጫፏ ሹል ብረት በጥፍሬ ሥር ያለውን ስስ ቆዳ ወደ ኋላ የመግፋት ልማድ አለኝ። ንጽሕና ይመስለኝ ነበር። ብረቱን የሚይዘው ቀኝ እጅ ስለሆነ ተገፊው ዘወትር ግራ ነው፤ አመልካችና መካከለኛው ጣት ደግሞ ለመያዝ የሚመቹ ናቸው። ያ ቆዳ ከሥሩ ያለውን ማትሪክስ ከውሃና ከተሕዋስያን የሚጠብቅ መዝጊያ ሲሆን፣ እኔ በብረት እየጫንኩ ያስጨነቅኩት ራሱን የጥፍሩን መሥሪያ ነበር።

ይህን በቃሏ ብቻ አልተቀበልኩም፤ ልትሞክሩት የምትችሉት ዘዴ ስለሆነ እነግራችኋለሁ። ነጠብጣቡ ከግማሽ ጨረቃዋ ጠርዝ ምን ያህል እንደራቀ በማስመሪያ ለኩ። በወር 3 ሚሊሜትር ያህል በሚለው ሒሳብ፣ 6 ሚሊሜትር የራቀ ነጥብ የዛሬ ሁለት ወር ገደማ የደረሰ ነገር ምልክት ነው። ምክንያቱን የማናስታውሰው በዚህ የተነሳ ነው፤ ጣታችን በመሳቢያ ተቀርቅሮ ወይም ከበር ጋር ተጋጭቶ ሕመሙ ከተረሳ ከሳምንታት በኋላ ነው ነጥቡ ወደ መካከል መጥቶ ዓይን ውስጥ የሚገባው። እድገቱ ከሰው ሰው ይለያያል፣ የመካከለኛው ጣት ከትንሿ ጣት ይፈጥናል፣ በዕድሜም ይዘገያል። ዊሊያም ቢን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የገዛ አውራ ጣቱን ጥፍር ለ35 ዓመታት ምልክት እያደረገ ለክቶት ነበር፤ በ32 ዓመቱ በቀን 0.123 ሚሊሜትር ያድግ የነበረው በ67 ዓመቱ ወደ 0.095 ወርዶ አገኘው። በእንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ፊት የእኔ ማስመሪያ ምንም አይደለችም፤ ለዓላማዬ ግን በቃችኝ።

ብረቷን ከቆዳው ላይ አነሳሁ። ልማድ ስለሆነ መቁረጫውን ከጠረጴዛዬ ላይ ማራቅ ነበረብኝ፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ደግሞ በብረቱ ፋንታ በጥፍሬ ሥር ያለውን ቆዳ በጣት ጫፍ ቅባት ማሸት ለመድኩ። የነበሩት ነጥቦች ወዲያውኑ አልጠፉም፣ ሊጠፉም አይችሉም፤ አንድ ጊዜ በጥፍሩ ውስጥ የገባች ነጥብ ወይ ተጉዛ ትቆረጣለች ወይ በመንገድ ትደበዝዛለች። ለውጡን ያየሁት ከኋላ በኩል ነው፤ ከግማሽ ጨረቃዋ የሚወጣው አዲሱ ጥፍር ንጹሕ ሆኖ እየመጣ አሮጌዎቹን ነጥቦች ወደ ፊት ገፋቸው። ያን ጊዜ ምንም እንክብል አልወስድም ነበር። ዛሬም ቢሆን አልፎ አልፎ አንድ ነጥብ ብቅ ትላለች፤ እጅ ለሥራ የተፈጠረ ነውና መጋጨቱ አይቀርም።

የጥፍር ቀለም የምትቀቡ ከሆነ አንድ ሌላ ዓይነት ነጭነት አለ። ቀለሙ ለሳምንታት ሳይነሳ ቆይቶ ሲለቅ፣ ወይም አሴቶን በተባለው የቀለም ማስለቀቂያ ደጋግሞ ሲታጠብ፣ የጥፍሩ ገጽ ይደርቅና ሻካራ ነጭ ሽፍንፍን ይወጣበታል። ከነጠብጣቡ የሚለየው በጣት ሲዳሰስ መሻከሩ ነው፤ ጥፍሩን ለተወሰነ ጊዜ ያለ ቀለም አሳርፎ ቅባት መቀባት በአብዛኛው ይበቃዋል። ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱም ያን ስስ ቆዳ እንዳይገፉትና እንዳይቆርጡት መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ጥፍር ስለ ጤና ምንም አይናገርም ማለቴ አይደለም፤ ይናገራል፣ የሚናገረው ግን በሌላ መልክ ነው። የብረት እጥረት ሲበረታ ጥፍሩ ይሳሳና መካከሉ ሰርጉዶ ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፋል። በደም ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በጣም ሲወርድ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጋደሙ ነጭ መስመሮች ይታያሉ፤ ሮበርት ሙርኬ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 የገለጻቸው እነዚህ መስመሮች ሲጫኗቸው ይጠፋሉ፣ ከጥፍሩ ጋርም አይጓዙም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሪቻርድ ቴሪ የገለጸው ደግሞ ከጫፉ ጠባብ ቀላ ያለ ቀበቶ በቀር ጥፍሩ በሙሉ ነጥቶ የሚታይበት ሁኔታ ሲሆን፣ ከጉበት ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ጋር ይያያዛል፤ በልብ ድካም፣ በስኳር በሽታና በእርጅና ምክንያትም ይታያል። ጥፍሩ ግማሹ ነጭ፣ ወደ ጫፍ ያለው ግማሽ ቡናማ ሲሆን የኩላሊት ሕመም ይጠረጠራል። በአርሴኒክ መመረዝም በጥፍሮች ላይ አግድም የሚሄድ ነጭ መስመር ያወጣል። ከነዚህ ውስጥ አንዱም ቢሆን የተበታተነ ነጠላ ነጥብ አለመሆኑን ልብ በሉ።

ዚንክም በእውነት በከፍተኛ ደረጃ ሲጎድል ምልክቱ ጥፍር ላይ ብቻ አይቆምም፤ በአፍ ዙሪያና በእጅ እግር ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ ተቅማጥ፣ የፀጉር መርገፍ፣ የቁስል አለመዳን ይከተላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው፣ ወይም የአንጀት ሕመም ኖሮበት ምግብ በሚገባ የማይመጠጥለት ሰው መመርመር አለበት። ምርመራው የሚታዘዘው ግን በነዚህ ምልክቶች ምክንያት ነው።

ሳትዘገዩ የቆዳ ሐኪም ዘንድ የምትሄዱበትን ሁኔታም ሐኪሟ እንደነገረችኝ ላስቀምጥ። ነጭነቱ አብዛኛውን ጥፍር ወይም ብዙ ጥፍሮችን በአንድ ላይ ከያዘ፣ ጥፍሩ ከሥሩ ካለው ሥጋ እየተላቀቀ ከሆነ፣ ወፍሮ ቢጫ ከሆነና ከተፈረፈረ፣ በገጹ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ከወጡ፣ ወይም በዙሪያው ያለው ቆዳ አብጦ ከቀላ፣ ይህ እኔ የምተርክላችሁ ነጠብጣብ አይደለም፤ ፈንገስ፣ ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። በእግር ጥፍር ላይ የሚወጣና ሲፍቁት እንደ ዱቄት የሚለቅ ነጭ ነገርም በብዛት ፈንገስ ነው። ከሁሉም በላይ በአንድ ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወርድ አዲስ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ካያችሁ፣ በተለይ እየሰፋ ከሄደ፣ ሜላኖማ የተባለው ካንሰር እንዳይሆን በፍጥነት መታየት አለበት። ሰው በማይጎዳው ነጭ ነጥብ ሲጨነቅ ከርሞ በማያሳምመው ጥቁር መስመር ላይ ችላ ማለቱ የሚያሳዝን ነው፤ ሐኪሟም ስለዚህ ስትናገር ድምፅዋ ከረር ብሎ ነበር።

ስለ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አሉ፤ እህቴም የልጇን ጥፍር ፎቶ አንስታ «ሽሮፕ ልጀምርለት?» ብላኝ ነበር። ሲጫኑት ይጠፋል ወይ፣ ሲዳሰስ ይሻክራል ወይ፣ በሁሉም ጣት ላይ በአንድ መስመር ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ሦስቱም አይደለም። ልጁ ጥፍሩን ይነክሳል፣ ቀኑንም በኳስ ነው የሚያሳልፈው። በደንብ የሚያድግና የሚጫወት ልጅ ስለሆነ ሽሮፑን ትታ ጥፍሩን አጭር አድርጋ መቁረጡን መረጠች፤ የእድገት ወይም የአመጋገብ ሥጋት ቢኖራት ግን ወደ ሕፃናት ሐኪም እንድትወስደው ነግሬአት ነበር።

በመጨረሻ ማሳሰብ የምፈልገው፣ ካልሲየም፣ ዚንክ ወይም ባዮቲን በሐኪም ታዝዞላችሁ የምትወስዱ ሰዎች ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ ነው። ለአጥንት መሳሳት የታዘዘ ካልሲየም ሆነ ለተቅማጥ ለሕፃን የተሰጠ ዚንክ የራሱ በቂ ምክንያት አለው። ባዮቲን የታዘዘላችሁም ብትሆኑ ደም ለመስጠት ስትሄዱ ለምን ያህል ቀን ማቋረጥ እንዳለባችሁ ያዘዘላችሁን ሐኪም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በራሳችሁ ውሳኔ አታድርጉት።